ነፋስ ላሳይዎት ያለኝ ልጅ

በዚህ አገር ሰው ሁሉ ገበሬ ይመስላል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አሳንሰር ውስጥ ቢገናኙ መጀመሪያ የሚያነሡት ስለ ሰማይ ነው። ዛሬ ደመና ነው፣ ነገ ይዘንባል፣ ከነገ ወዲያ ብርዱ ይብሳል ይባባላሉ። ስልካቸውን አውጥተው የሳምንቱን ደመና አንድ በአንድ ያሳያሉ። ሚኒሶታ የገባሁ ሰሞን ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። የሙያ ወንድሞቼ መሃል መጣሁ አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህ ሁሉ ሰው ስለ ዝናብ ሲጨነቅ የሚውለው ማሳ ላይ እህል ኖሮት አይደለም። አንዲት ነዶ እንኳ ውጭ አላሳደረም።

እኛ ዘንድ ሰማይ የሚታየው ለሥራ ነው። ማለዳ ደጅ ወጥተህ ሽቅብ ታያለህ፤ ዛሬ ይታጨዳል ወይስ የታጨደው ይከመራል፣ ከብቱ ወንዝ ይሻገራል ወይስ ወዲህ ይውላል፣ እሱን ታውቅና ዓይንህን ወደ መሬት ትመልሳለህ። ደመና አይቶ «ሲያምር!» ያለ ሰው በቀበሌያችን አላውቅም። ቢኖርም ዘመዶቹ ጸበል ይወስዱታል። እዚህ ግን ሰማይ እንደ ሙሽራ ይታያል። ፀሐይ ስትጠልቅ መኪና አቁመው ፎቶ ያነሷታል፤ ነገም እንደምትጠልቅ የነገራቸው የለም።

ይህስ ይሁን። ፀሐይ አይቶ የሚጠግብ ዓይን የለም። እኔን የገረመኝ ግን ነፋስ ሊያዩ የሚሄዱ ሰዎች መኖራቸው ነው። ማዕበል ይነሣል ተብሎ ሲነገር፣ ሌላው ዓለም በሩን ሲዘጋ፣ መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ማዕበሉ የሚነዱ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ደግሞ ልጄን ሊያገባ ፈለገ።

ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። እኔ ብዙ አልናገርም። አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ቤቱም በሬዎቹም ፈለጉኝ፤ በሬዎቹ አሸነፉ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከማይመልሱ ጋር ስለነበር አፌ እንዲሁ ቀረ። ሰውም አልቆጣም። ጎረቤቴ በሬውን እህሌ ላይ ቢለቅብኝ በሬውን አስወጥቼ ዝም እላለሁ። የማያውቀኝ ሰው ትዕግሥተኛ ነው ይለኛል። የሚያውቀኝ ግን ነገሩን ያውቃል። እኔ የምቆጣው የወለድኳቸውን ብቻ ነው። ቁጣ ዘር ነው፤ በሰው ማሳ ላይ አይዘራም። ልጆቼ ግን ጠግበው አድገዋል።

ከጠገቡት አንዷ ሙሉነሽ ናት። እዚህ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ቤቷ ሪችፊልድ ነው። የዓይን ሞራ ቢጋርደኝ አስመጥታ አሳከመችኝ። ዓይኔ ቶሎ ዳነ። እኔ ግን አንድ ወር ቆይ፣ ፋሲካን እዚህ ዋል፣ ብርዱን ሳታይማ አትሄድም እየተባልኩ ቀረሁ። እርሻውን ባለቤቴና የበኩር ልጄ ይዘውታል። በስልክ እንደሰማሁት እኔ ከሌለሁ ወዲህ የተሻለ አብቅሏል። ይህን ጉዳይ አላነሣውም።

ሙሉነሽ ዝምታን ከእኔ ወርሳለች። እሷ ከሥራ ስትገባ «ዋልክ?» ትላለች፣ እኔ «ዋልኩ» እላለሁ፤ እራታችንን በልተን እንተኛለን። እንዲህ ተግባብተን ስንኖር፣ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች በራችን ላይ ቆሙ።

መሪያቸው አቶ ደምሴ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እዚህ የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ። ሁለተኛው ሐጂ ይማም የሚባሉ የወሎ ሰው፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው። ሦስተኛው ቄስ ናቸው። ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። እንዲህ የቆመ ሰው ለምን እንደመጣ ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም።

«ግቡ፤ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ ጋሽ አያሌው» አሉ አቶ ደምሴ። «ቢኒያም የሚባል ልጅ አለን። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው የመጣነው።»

ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

እኔም እንደ ወጉ መለስኩ። «ነገሩን ሰምቻለሁ። እናት አላት፣ ወንድም አላት። እናስብበት። ተመለሱ።»

እናንተ ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ያለ አባት ሸክም ያወረደ እንጂ ልጁን የዳረ አይመስልም። ሴት ልጅ ተጠይቃ፣ ተጠይቃ፣ ደግማ ተጠይቃ ነው የምትሰጠው። እኔ እናቷን ሳገባ አባቴ የላካቸው ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ የአንዱ በቅሎ በዚሁ ምክንያት አንክሳ ቀረች። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ያውቁታል። እጅ ነሥተው ወጡ፤ ሐጂ ይማም ደረጃው ላይ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ጥሩ መልስ ነው የያዙት።

የተላኩበት ልጅ ግን በአምስት ዓመቱ መጥቶ እዚሁ አጠገባችን ኩን ራፒድስ ያደገ ነው። በዚህ አገር ሥራ ልትቀጠር ሄደህ «እናስብበትና እንደውላለን» ካሉህ ሌላ ሥራ ፈልግ ማለት ነው አሉ። አቶ ደምሴ «ተመለሱ ብለውናል፤ ጥሩ ነው» ቢሉት፣ ልጁ ሊያጽናኑት መስሎት አመስግኗቸው ስልኩን ዘጋ። ከዚያም አልቅሷል ይባላል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔ በጊዜው ያወቅሁት የቤቴ ዝምታ መቀየሩን ነው። ዝምታና ዝምታ ይለያያል። የቀድሞው እንደ አደረ ወተት የረጋ ነበር። አሁን ግን ሳህኑ ሲታጠብ ይጮኻል፣ በሩ ሲዘጋ ይጮኻል፣ ልጅቷ ዝም ትላለች። ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ሽማግሌ የለ፣ ወሬ የለ። እኔም ስጋት ገባኝ። የዘንድሮ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ አንድ ጊዜ ጠይቆ ተዋት አልኩ። ኮርቶ የመለሰው አፌ ልጄን ያለ ባል አስቀራት ማለት ነው። ደውዬ «ተመለሱ ስላችሁ ምነው ቀራችሁ» አልላቸው ነገር፣ ልጁን የሚለምን አባት ከየት ተሰምቶ!

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ማታ ሙሉነሽ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ ቢኒ ሐይቅ ሊያሳይህ ይፈልጋል» አለችኝ።

«ሐይቅ አይቻለሁ።»

«የሰፈሩን አይደለም። ሰሜን ያለውን፣ ትልቁን። ቅዳሜ ማዕበል ይነሣል ተብሏል።»

«ማዕበል የሚነሣ ከሆነ ለምን እንሄዳለን?»

«ማዕበሉን ልናይ።»

ዞር ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። በእኛ ወግ ልጅ የጠየቀ ጎረምሳ ከአባትየው ዓይን ይሸሻል፤ ገበያ ላይ ቢያየው እንኳ መንገድ ለውጦ ይሄዳል። ይሄኛው በመኪና ልጫንዎት ይላል። ደግሞ የሚያሳየኝ ነፋስ። በሬ ላሳይዎት ቢለኝ፣ ቤት ላሳይዎት ቢለኝ አንድ ነገር ነው። ግን ሙሉነሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔን ምንም ጠይቃ አታውቅም። እጇ ሳሙና እንደያዘ ቆማ ትጠብቃለች።

«ጋቢዬን አውጪልኝ» አልኳት።

ልጁ ቅዳሜ በማለዳ መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ነው። የመኪናውን የፊት በር ከፈተልኝ። እኔ የኋላውን ከፍቼ ገባሁ።

«አባዬ፣ የፊቱ እኮ የክብር ነው» አለች ሙሉነሽ።

«ክብሩ ይቅርብኝ።»

ከልጁ ጎን ተቀምጬ ፊቱን ማየት ነውር መሰለኝ። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ማጅራቱን ሳጠና ሄድኩ። አማች በማጅራቱ የመረጠ አባት ካለ እኔ ነኝ። እሱን በቀጥታ ማናገርም አልሆነልኝም፤ ነገሩ ገና አላለቀማ። የምፈልገውን ለሙሉነሽ እነግራታለሁ።

«መስኮቱን ይዝጋው በይው።»

«ቢኒ፣ መስኮቱን ዝጋው።»

«ኦኬ። ሶሪ፣ አባባ።»

«ቀስ ብሎ ይንዳ በይው።»

«ሰምቼዎታለሁ፣ አባባ» አለ ልጁ። እኔ ግን ሙሉነሽ እስክትነግረው ጠበቅሁ።

ልጁ ያወራል፤ አቤት ሲያወራ! ፍርሃት አንዳንዱን አፉን ይዘጋዋል፣ አንዳንዱን ይከፍተዋል። ሐይቁ ባሕር እንደሚያህል፣ ከድሮ ጀምሮ መርከብ እንደሚውጥ፣ ኅዳር ላይ ነፋሱ እንደሚብስ፣ በየዓመቱ ከሥራው ኦፍ ወስዶ እንደሚመጣ ነገረን። «ዌዘሩ ሲበላሽ ነው የሚያምረው፣ አባባ» አለ። ሲበላሽ ነው የሚያምረው! እኔ በሆዴ እንዲህ የሚል ሰው ጎተራዬ ሲቃጠል ምን ሊል ነው አልኩ።

በመስኮት ውጭ ውጭውን አይ ነበር። በቆሎው ታጭዶ የአገዳው ጉቶ ቀርቷል፣ ዝይዎች ተሰልፈው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ወደ ሰሜን በገፋን ቁጥር ዛፉ እየበዛ፣ ቅጠሉ እያነሰ መጣ። ጥድ የሚመስል ግን ወርቃማ ቅጠሉን እያረገፈ ያለ ዛፍ አየሁ። ጥድ ቅጠሉን ሲያረግፍ አይቼ አላውቅም። «ምነው፣ ታሞ ነው?» አልኩ ለሙሉነሽ። ልጁ መለሰ፣ «አይደለም አባባ፣ እሱ እንደዛ ነው፤ የሞተ ይመስላል እንጂ ብርዱ ሲያልፍ በስፕሪንግ ይመለሳል።» ይህቺን ንግግሩን ወደድኳት።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ማዶውን ፈለግሁ። ማዶ የለውም። ውሃው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ከሰማዩ ጋር ተደባልቋል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ ይመጣና ከቋጥኙ ጋር ሲላተም እንደ መድፍ ይጮኻል። ጭስ የመሰለው ፍንጣቂ ዳር ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አልብሶት፣ በርዶ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ የመስታወት ዕቃ መስሏል። ጆሮዬ በነፋሱ ተደፈነ። ሦስት ጊዜ እግዚኦ አልኩ።

ሰዎቹስ? መኪኖቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው እንደ ምዕመናን ተደርድረዋል። ቢጫና ቀይ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ፔርሙዛቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ተቀምጠዋል። አንዲት ከእኔ የምትበልጥ አሮጊት የሩቅ ማያ መነጽር በዓይኗ ላይ ደግና አድፍጣለች። ውሻዋ ሹራብ ለብሷል። ትልቅ ሞገድ መጥቶ ቋጥኙን ሲመታው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዋው!» ይላሉ፤ ልክ ሙሽራ ሲገባ እልል እንደሚባለው።

እኔ አንድ ዓመት ጤፉ አበባ ላይ ሳለ የመጣብን በረዶ ትዝ አለኝ። ሽንብራ የሚያህል በረዶ ነበር። እኔና አባቴ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆመን የዓመት ቀለባችን ጭቃ ሲሆን አየን። ማንም ምንም አላለም። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ወንበርና ፔርሙዝ ይዞ መጥቶ «ዋው» ቢል ኖሮ፣ በማግስቱ ፍትሐቱን ቆመን ነበር።

ሆኖም ቆሜ ሳይ፣ ሳይ፣ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ነፋስ የማንንም ማሳ አይነካም። እንዲሁ ይመጣል፣ ከድንጋይ ጋር ይታገላል፣ ይመለሳል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ምንም የማይፈልግ ማዕበል አየሁ። ያምራል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ሁለተኛ ነገርም አየሁ። መንገዱን ሙሉ ሲለፈልፍ የመጣው ልጅ ውሃው ዳር ሲደርስ ጸጥ አለ። ከእሱ የሚበልጥ ነገር ፊት ዝም ማለት ያውቃል ማለት ነው። ደግሞ አቋቋሙ። ከብት በረዶ ሲመጣበት ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ጥጃውን በስተውስጥ እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ልጁ ሙሉነሽንና እኔን በስተውስጥ አድርጎ ነፋሱ በመጣበት በኩል ቆሟል። ነፋሱ ዞረ፤ ልጁም ዞረ። ደግሞ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ዓይኑ ውሃው ላይ ነው፤ የሚያደርገውን የሚያውቀው አይመስለኝም። አስቦ ቢያደርገው ኖሮ ባልተገረምኩ። መኪና ውስጥ «ሲበላሽ ነው የሚያምረው» ያለውን መልሼ አሰብኩት። ትዳር እኮ አብዛኛው ቀኑ ነፋስ ነው። ብራ ብራውን ብቻ የሚወድ ባል ስንት አለ! ይሄኛው በተበላሸ ቀን ኦፍ ወስዶ ይመጣል።

ይህን እያሰብኩ ጋቢዬን ላላ አድርጌ ኖሯል። ነፋሱ አንዴ ቢነጥቀኝ ሄደ። ክንፍ አውጥቶ፣ ከሰዎቹ ራስ በላይ በርሮ፣ ሞገዱ የሚያርፍበት ቋጥኝ ላይ ተዘረጋ። ሰዎቹ «ዋው!» አሉ። እኔ ገና ደረቴን ስዳስስ ልጁ ሮጠ። ቋጥኙ በረዶ ጋግሮ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከወዲያ ደግሞ ተራራ የሚያህል ውሃ እየተነሣ ነው።

«ቢኒ!» አለች ሙሉነሽ። ድምፅዋ አልወጣም።

የእኔ ወጣ።

«አንተ! ተመለስ! ና ወዲህ! ለጨርቅ ብለህ ነው? ለብጣሽ ጨርቅ!» በሬ የማቆምበት ድምፅ ነው። ልጁ ይቅርና ወንበር ላይ የነበሩትም ከተቀመጡበት ተነሡ። ልጁ እግሩ አንዴ አዳለጠው፣ ተንበረከከ፣ ዞሮ አየኝ፤ እንደ ምንም ብሎ ተመለሰ። ሞገዱ መጥቶ ጋቢውን ጠቅልሎት ሄደ። ሐይቁ ዳግመኛ አላሳየንም።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ክንዱን ይዤ እስከ መኪናው ድረስ ቁጣዬን አወረድኩበት። «ዓይን የለህም? የምትረግጠውን አታይም? እናትህ ባሕር እንዲበላህ ነው ያሳደገችህ? ብትሞት ምን ልላት ነበር? ጋቢ ሊያመጣ ገባ ልበላት? ደግሞ ጓንትህስ የታለ? በዚህ ብርድ ያለ ጓንት የሚወጣ ምን ዓይነት ቀልበ ቢስ ነው!» የዓመት ቃሌን በአንድ ጊዜ ጨረስኩ። አሮጊቷ መነጽሯን ከማዕበሉ ላይ አንሥታ ወደ እኛ አዞረችው። ከነፋሱ የበረታ ነገር አይታ መሆን አለበት።

«ሶሪ አባባ። ሶሪ። በጣም ሶሪ» ይላል ልጁ። ፊቱ አመድ ሆኗል።

እኔ መኪናው በስተጀርባ ቆሜ ጫማዬን ሳራግፍ ሁለቱ ከፊት ሲነጋገሩ ነፋሱ ወሬያቸውን ያመጣልኛል።

«በቃ፣ ኢትስ ኦቨር» ይላል ልጁ። «ያኔ ሽማግሌዎቹን እንቢ አለ፤ አሁን ደግሞ ጠላኝ። እንዴት እንደጮኸብኝ አይተሻል?»

ሙሉነሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል። «ተቆጣህ እኮ፣ ቢኒ!»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ! እዚያው ነበርኩ!»

«አልገባህም። አባዬ ሰው አይቆጣም። ወንድሜንና እኔን ብቻ ነው። አባዬ እኮ ስለ ጓንትህ ተቆጣህ!»

«ስለ ጓንት መቆጣት ጥሩ ነው?»

«ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው!»

ልጄ እንዲህ እንደምታውቀኝ አላውቅም ነበር። ለካ የተቆጣሁትን ሁሉ እንደ ስንቅ አስቀምጣው ኖሯል።

ስንመለስ ከፊት ተቀመጥኩ። ማሞቂያው እዚያ ስለሚበረታ ነው፤ ጋቢም የለኝም። ያ ወርቃማ ቅጠል የሚያረግፈው ዛፍ ጋ ስንደርስ፣ «ሽማግሌዎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ነው?» አልኩት። ለእሱ ነው ያልኩት፤ በሙሉነሽ በኩል አላሳለፍኩም።

«አቤት፣ አባባ?»

«ተመለሱ ብያቸው ነበር። አልተመለሱም።»

መኪናዋ መስመሯን ለቃ ተመለሰች። «እርስዎ እኮ... እንቢ ብለው...»

«መቼ እንቢ አልኩ?»

«እናስብበት አሉ።»

«አዎ። ልጄ ናት፤ አላስብባት?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚመለሱት?» አለኝ።

«መንገዱን እያየህ ንዳ» አልኩት።

እነሆ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እኔ ሐሳቤን ሐይቁ ዳር ጨርሻለሁ። ነገር ግን ሐሳብ ሌላ፣ ወግ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሰው፣ ያንኑ ተብለው ሄደው፣ በሦስተኛው ቢሰጣቸው ለሁላችንም ክብር ነው። ሙሉነሽ ይህን ለቢኒያም አስረድታው፣ እሱም መልሱ ዘንድሮ አይደርስ ይሆናል ብሎ ተስፋውን አሳጥሮ ተቀምጧል።

ጠዋት ሰማዩን አይቼ ነበር። ከባድ ነበር፤ ግን የማጭደው ስለሌለ ችላ አልኩት። ሦስቱ ሲገቡ ስኖው የሚሉት የዱቄት በረዶ ጀምሯል። ኮታቸው ላይ ያለውን አራገፉ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አንቀመጥም አሉኝ። አቶ ደምሴ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ አቶ ደምሴ ደግሞ ሲጀምሩ እንደ አውቶቡሳቸው በየፌርማታው ይቆማሉ። ስለ አዳምና ሔዋን፣ ስለ አብርሃምና ይስሐቅ፣ ስለ ቢኒያም እናት። ርብቃን ከውኃ ጉድጓዱ አድርሰው ሲመልሱ እኔ በመስኮቱ አየሁ፤ የእሳቸው መኪና ጎማዋ አይታይም። ቄሱ ሲጨምሩበት መስታወቷ ጠፋ። ሐጂ ይማም ሲደመድሙ መኪናዋ ራሷ የለችም፤ ነጭ ጉብታ ብቻ።

«እናስብበት» ልል አፌን ስከፍት የሦስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ እንደ ተኩላ ጮኸ። አቶ ደምሴ አውጥተው ማስጠንቀቂያውን አነበቡት። «መንገድ ተዘግቷል። ሰው ካለበት አይንቀሳቀስ ይላል።»

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም። መልሱ «ተመለሱ» ከሆነ ደግሞ የሚመለሱበት የለም። ቄሱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ከወጥ ቤት የምስር ወጥ ሽታ ይመጣል፤ ሙሉነሽ ሆን ብላ ክዳኑን ከፍታዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ጋሽ አያሌው» አሉ ሐጂ ይማም፣ «እንግዲህ ተመለሱ ይበሉን፤ እኛም እዚህ ምንጣፉ ላይ ከወዲህ ወዲያ እንመላለስ።»

ቄሱ ሳቁ። እኔ እንዳልስቅ ሰማዩን ማየት ነበረብኝ። ከዚያ፣ «እግዚአብሔር መንገዱን ከዘጋው እኔ ማን ነኝ?» አልኩ። «ተቀመጡ።»

እልልታ ሰማሁ። ዘወር ስል ሙሉነሽ ናት። ለራሷ እልል ያለች ሙሽራ! ይህንንም አሳለፍኩት።

ጾም መሆኑ በጀን። የሥጋ ነገር ሳይነሣ ቄሱም ሐጂም ከአንድ ትሪ በሉ፤ አቶ ደምሴ ግን ከሁለቱም ፊት። መንገዱ እስኪከፈት እኛው ጋ አደሩ። ቄሱ በአንዱ ጥግ፣ ሐጂ በሌላው ጥግ ሲጸልዩ፣ ይቺ ጠባብ ቤት እንዲህ ተመርቃ አታውቅም።

ጠዋት ለባለቤቴ ስደውልላት ነገሩ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። «አንተ ሰው! በበረዶ ምክንያት ነው ልጄን የሰጠሃት?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ፣ መንገድ ተዘጋ።»

«ኧረ ባክህ» አለችና ሳቀች። ለእሷ ሲባል በቅሎ ያነከሰችላት ሴት ናት፤ ታውቀኛለች። ሌላው ሁሉ ግን አያሌው ያን ቀን ሰማይ አስገድዶት ነው እንጂ ልቡ አልነበረም እያለ ያወራል። እኔም አላስተባብልም። ወዶ የሰጠ አባት አቅልሎ ሰጠ ይባላል፤ ሰማይ ያስገደደውን ማን ይወቅሰዋል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስልኩን ዘግቼ በመስኮት ሳይ ቢኒያም አካፋ ይዞ መጥቷል። የሽማግሌዎቹን መኪና ሊያወጣ ነው። በወጉ ከእኔ ዓይን መሰወር ነበረበት፤ ግን በረዶ ውስጥ ማን ይሰወራል? ወንበር ስቤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ሙሉነሽ ሻይ አመጣችልኝ። ነፋሱ በረዶውን እያነሣ ያሽከረክረዋል፤ ልጁ ይዝቃል። ያምራል። ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል ያ ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚዝቀው፤ ያነሣው ሁሉ ተመልሶ ፊቱ ላይ ይወድቃል። ደግሞ ጓንት የለውም።

መስኮቱን ከፈትኩ።

«አንተ! ጀርባህን ስጠው! እህል ስትበትን ከነፋስ ጋር ትጣላለህ? ጓንትህንስ ዛሬም ማን በላው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። አካፋውን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ እስከ ጆሮው ሳቀ።

«እሺ፣ አባባ!» አለ። «ይጨምሩልኝ!»